የሰሜኑ መንገድ ቤድፎርድና የማኅበራችን የመጀመሪያ መዝገብ

የዝግጅት ኮሚቴው ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ማኅበራችን አጀማመር እንድንጽፍ ሲጠይቀን፣ አብዛኛው አባል የሚጠብቀው የጠቅላላ ጉባኤዎችንና የመተዳደሪያ ደንቡን ታሪክ እንደሚሆን ገምተናል። እርሱን በሌሎቹ ገጾች ከእኛ በተሻለ የሚያውቁት ጽፈውታል። እኛ በናይሮቢ ጋራዦች ውስጥ እጃችን በግራሶ ተነክሮ የኖርን ሰዎች ስለምናውቀው ነገር እንጽፋለን። ይኸውም ስለ አንድ የጭነት መኪና፣ በእጃችን ቆርጠን ስለገጠምናቸው ዕቃዎችና ከእነርሱ አንዱ ስላስከተለብን መዘዝ ነው። ታሪኩ እኛን የሚያስመሰግን ብቻ አይደለም። ሆኖም ማኅበራችን ከየት እንደተነሣ ለማወቅ ለሚፈልግ ወጣት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለንም።

ሙያውን ከማን ተማርነው?

እንደሚታወቀው በአገራችን የመኪና ጥገና ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቦኮላ፣ ላሜራ፣ ሞርሳ፣ ቶርኖ እያልን ያደግነው እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 በነበረው ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ በአገሪቱ በቀሩት ጣሊያናውያን ጋራዦች ሠልጥነው የወጡ አባቶቻችን ሙያውን ከነስሙ ስላስተላለፉልን ነው። ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ ይጠራ የነበረው ፊያት 634፣ ከእርሱም በኋላ የመጣውና ሾፌር ሁሉ የሚወደው ኤን ትሬ፣ ዳገትና ቁልቁለት የማይፈራ መኪና ቢሆንም ያለ ጥሩ መካኒክ አይሄድም ነበር። መለዋወጫው ከጣሊያን እስኪመጣ ድረስ ቆሞ መጠበቅ ለባለንብረቱ ኪሳራ ስለሆነ፣ መካኒኩ የጎደለውን ዕቃ ከሌላ ብረት አውጥቶ መሥራትን ተማረ።

ሁለተኛው ትምህርት ቤታችን ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል። በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ያደጉት ሠራተኞች ብረትን በእሳት ቀለም ለይተው የሚያውቁ፣ ለአንድ ሚሊሜትር የሚጨነቁ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በእኛ መካከል ኖሯል። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሁላችንም እንደምንጠራቸው «ጋሼ» ብለን እናልፋለን። ከተግባረ እድ የወጡም፣ በጦር ሠራዊቱ ጋራዥ የሠለጠኑም ነበሩን።

ወደ ኬንያ የመጣነው በአንድ ጊዜ አልነበረም። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ የተሰደዱ አሉ፤ በቀይ ሽብር ዘመን ድንበር በእግራቸው ያቋረጡ አሉ። በ1991 የመንግሥት ለውጥ ጊዜ ደግሞ ብዙ ሰው በሞያሌ በኩል ገብቶ መጀመሪያ በዋልዳ፣ በኋላም በ1992 በተቋቋመው በካኩማ መጠለያ ኖሯል። ከመጠለያ ወደ ናይሮቢ የመጣው ሰው በእጁ ሻንጣ አልነበረውም። የነበረው ሙያው ብቻ ነው።

ናይሮቢ፣ ፀሐይ ላይ የተሠራ ፋብሪካ

ናይሮቢም እንደ ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከሞምባሳ በ1896 የተጀመረው ሐዲድ በ1899 እዚህ ረግረግ ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው ከተማዋ የተቆረቆረችው። መስመሩም በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ሥራውን ለመሥራት ከመጡት ሕንዳውያን መካከል ብረት ቀጥቃጮችና አናጺዎች ይገኙበት ስለነበር፣ ብዙ ኬንያዊ ፉንዲ ሙያውን ከእነርሱ ተቀብሏል። ፉንዲ በስዋሂሊ ባለሙያ ማለት ነው። ጣራ በሌለው ቦታ በጠራራ ፀሐይ ስለሚሠሩም ሥራቸው «ጁዋ ካሊ»፣ ማለትም ኃይለኛ ፀሐይ፣ ተባለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1972 ስለ ኬንያ ባወጣው ጥናት ይህ ከመንግሥት መዝገብ ውጭ የሚሠራው ሕዝብ የኢኮኖሚው አንድ ትልቅ ክፍል መሆኑን ለዓለም አሳወቀ። ካሙኩንጂ ሄዶ የመዶሻውን ጩኸት የሰማ ሰው ግን ጥናት ሳያነብም ያውቀዋል።

እኛን የተቀበለን ይህ ሰፈር ነው። የሥራ ፈቃድ ስላልነበረን የራሳችንን ጋራዥ መክፈት አንችልም ነበር። በኪሪንያጋ መንገድ አካባቢ፣ አሮጌዎቹ ሰዎች ግሮጋን በሚሉት ሰፈር፣ አንድ ኬንያዊ ባለጋራዥ ከግቢው ጥግ አንድ ሞርሳና አንድ የብየዳ ማሽን ሰጥቶን በቀን ክፍያ አሠራን። ያ ሰው ማን መሆናችንን ሳይጠይቅ እጃችንን አይቶ ስላስገባን በዚህ አጋጣሚ እናመሰግነዋለን።

የመጀመሪያው ችግራችን ቋንቋ ነበር። አንድ ቀን ከእኛ አንዱ መኪና ሥር ተኝቶ «ዳዶ! ዳዶ አምጣ!» እያለ ይጮኻል። ኬንያዊው ረዳት ሮጦ ወጥቶ በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠውን ሴት ይዞ መጣ። በስዋሂሊ «ዳዳ» እኅት ማለት ነውና፣ ሰውየው እኅቱን የሚጠራ መስሎታል። ሴትየዋም ከነማንቆርቆሪያዋ ቆማ ግራ ተጋባች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዳዶን እንደ አገሩ «ናቲ» ማለት ለመድን።

ሁለተኛው ችግር መለኪያ ነበር። የጣሊያን መኪና በሚሊሜትር የሚፈታ ሲሆን የእንግሊዝ መኪና በኢንች ይፈታል። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው። የ13 መፍቻ የግማሽ ኢንች ብሎን ራስ ላይ የሚገጥም ይመስላል፤ ሲጠብቅ ግን ማዕዘኑን ይበላውና ብሎኑ ክብ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ስንት ብሎን በመሮ ቆርጠን እንዳወጣን ጋሼ ቢጠየቁ ይናገሩ ነበር።

የሰሜኑ መንገድ

ዛሬ ከናይሮቢ ተነሥቶ ሞያሌ የሚሄድ ወጣት አስፋልት ላይ ስለሚጓዝ የያኔውን ማመን ሊከብደው ይችላል። ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ኢሲዮሎ ያለው ሲሶ የሚሆነው መንገድ አስፋልት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አፈር፣ አሸዋና ድንጋይ ነው። አርቸርስ ፖስት ላይ የኤዋሶ ንጊሮን ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ መንገዱ እንደ ልብስ ማጠቢያ ቆርቆሮ ሸንተረር ይሆናል። ሜሪሌና ላይሳሚስ ታልፈው፣ የካይሱት በረሃ ተሻግሮ ማርሳቢት ተራራ ላይ ይወጣል። ከማርሳቢት ወዲያ ያለው ዲዳ ጋልጋሉ ደግሞ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ የተበተነበት ሜዳ ነው። ጎማ የሚበላው፣ ባሌስትራ የሚሰብረው እርሱ ነው።

በዚያ ላይ ሽፍታ ስለነበር መኪኖች በፖሊስ ታጅበው በኮንቮይ ይሄዱ ነበር። ኮንቮይ ማለት ከፊት ያለው መኪና የሚያስነሣውን አቧራ ቀኑን ሙሉ መጠጣት፣ መኪና ከተበላሸ ደግሞ አጃቢው ትቶ ሊሄድ እንደሚችል ማወቅ ነው። ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ የአንድ ብሎን ጥራት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነበር።

መኪናው እንዴት ተሠራ

በ1996 ዕቁባችን ውስጥ የነበርን አባላት ተመካክረን የየራሳችንን ዕጣ ለአንድ ዓላማ አዋልነው። ከናይሮቢ ሳሙናና የቤት ዕቃ ጭኖ ሞያሌ የሚያደርስ፣ ሲመለስ ደግሞ ጤፍ፣ በርበሬና ሽሮ የሚያመጣ የጋራ መኪና ለመግዛት ነበር ሐሳቡ። አዲስ መኪና አይታሰብም። የገዛነው ከሠራዊት አገልግሎት የወጣ አሮጌ ቤድፎርድ አር ኤል ነው። አራቱንም ጎማ የሚነዳ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ሻንሲው ጤነኛ የሆነ መኪና ነበር። ሞተሩ ግን ቤንዚን ጠጪ ነው፤ ያውም አርጅቷል።

ስለዚህ ከወደቀ ቤድፎርድ ቲ ኬ የናፍታ ሞተር ገዛን። ሞተሩ ከድሮው ይልቅ ከባድና ዘንቦል ብሎ የሚቀመጥ ስለነበር በነበረው መያዣ ላይ አልተቀመጠም። መያዣውን ራሳችን ሠራን። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሞተሩን በፓራንኮ አንጠልጥለን ቦታው ላይ አውርደን፣ ከካምቢዮው ጋር በመስመር እንዲገጥም በእንጨት ሽብልቅ ደገፍነው። ከዚያ በካርቶን ቅርጹን ቆርጠን፣ እየለካን እያረምን፣ ልክ ሲሆን በ10 ሚሊሜትር ብረት ላይ ገለበጥነው። ብረቱን በነጥብ ብየዳ ብቻ ካያያዝነው በኋላ ሞተሩን አውጥተን፣ መያዣውን ሞርሳ ላይ አድርገን ጨረስነው። መኪናው ላይ እንዳለ ሙሉ በሙሉ ቢበየድ ኖሮ ሙቀቱ ብረቱን ስቦ መስመሩን ያዛባው ነበር። መስመሩ ጥቂት ቢዛባ ደግሞ ኃይል አስተላላፊው ዘንግ ይንቀጠቀጣል፤ ኩሽኔታም ይበላል።

ቀጥሎ የናፍታ ሰርባቶዮ ሠራን። መኪናው ጭኖ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ያህል ይጠጣ ስለነበር ለአንድ አቅጣጫ 234 ሊትር ያስፈልገዋል። ከ3 ሚሊሜትር ላሜራ 120 በ50 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ 270 ሊትር የሚይዝ ሣጥን አጠፍን። ውስጡን ቀዳዳ ባላቸው ሁለት ግድግዳዎች ከፈልነው። ሞልቶ ከ220 ኪሎ በላይ የሚመዝን ፈሳሽ በየጉድጓዱ ወዲህና ወዲያ ከተላተመ ሣጥኑን ከውስጥ ያፈርሰዋልና። ፍሳሽ መኖሩን ያወቅነው በእሳት ወይም በናፍታ አልነበረም፤ ጥቂት አየር ነፍተን ስፌቱን በሳሙና ውሃ ቀብተን አረፋ የሚያወጣበትን ፈለግን። ከሻንሲው ጋር ያሰርነውም በብየዳ ሳይሆን ከሥሩ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ አንጥፈን በብረት ቀበቶ ነው። ያ ሰርባቶዮ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።

የአየር መሳቢያውን በጋቢናው ጎን በቱቦ ወደ ላይ አውጥተን ከጣራው በላይ አደረስነው። የኮንቮይ አቧራ ከታች ወፍራም፣ ከላይ ሳሳ ያለ ነውና። የባሌስትራውን ቦኮላዎች በኢንዱስትሪያል ኤሪያ በሰዓት በምንከራየው ቶርኖ ላይ ከነሐስ አስወጣናቸው፤ ግራሶ የሚሄድበት ቦይም ከውስጥ ተቆረጠላቸው። ካሶኒውን ስንጭን ደግሞ ከኤን ትሬ የተማርነውን አደረግን፤ በሻንሲውና በካሶኒው መካከል ወፍራም እንጨት አኖርን። የፊተኛዎቹን ብሎኖች ከሥር ሞላ አድርገንላቸዋል። ሻንሲ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ እንደ ሰው ወገብ ይጠማዘዛል። ካሶኒው አብሮት መጠማዘዝ ስለማይችል፣ በመካከላቸው መላወሻ ካልተተወ አንዱ ይሰበራል።

ይህን ሁሉ እያወቅን ነው እንግዲህ የሚቀጥለውን ስሕተት የሠራነው።

የናፍታው ሞተር ከባድ በመሆኑ የመኪናው ፊት ዝቅ አለ። አንድ ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል አስፈለገ። ይህን የሠሩት ጋሼ ናቸው። ስፋቱ ተመሳሳይ ከሆነ የወደቀ ባሌስትራ ቆርጠው፣ በከሰል ምድጃ አግለው፣ ማግኔት መሳብ ሲያቆም ጥቂት ጨምረው አሞቁትና ቅርጹን አስይዘው የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ነከሩት። እንዲህ የጠነከረ ብረት እንደ ብርጭቆ ስለሚሰበር እንደገና በቀስታ አሞቁት። የመዶሻ እጀታ ሲታሽበት እንጨቱ ብልጭ ብልጭ ሲል «በቃ» አሉና ከእሳት አወጡት። ያ ቅጠል እስከ መጨረሻው አልተሰበረም።

ቅጠሉ ሲጨመር ግን ባሌስትራው ጠነከረ፤ ርዝመቱም በጥቂቱ ተለወጠ። ስለዚህ ከኋላው በኩል የሚይዘውን መያዣ ከሻንሲው ላይ አንሥተን ትንሽ ወደ ኋላ ማድረግ ነበረብን። ፋብሪካው መያዣውን በሪቬት ነው ያሰረው። ጋሼ «ሪቬቱን ቆርጣችሁ አዲስ ቀዳዳ በሻንሲው ጎን ላይ ብሱ፤ ልክ በሚገጥም ብሎን እሰሩት። የሻንሲውን የላይና የታች ከንፈር አትብሱት፣ አትበይዱትም» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ጭነቱ ተገዝቶ ተቀምጧል፤ ዕቁብተኛው «መቼ ነው የሚነሣው?» እያለ በየቀኑ ይመጣል። ጎኑን መብሳት ሰርባቶዮውን ማውረድ፣ ያ ደግሞ ሁለት ቀን ይጠይቃል። እኛም መያዣውን በታችኛው ከንፈር ላይ ዙሪያውን በየድነው። ብየዳው ያማረ ነበር። ቀለም ቀባነውና ለጋሼ አልነገርናቸውም።

ስብራቱ

መኪናው ሦስት ጊዜ በሰላም ተመላለሰ። በየጉዞው ትርፍ ስለተገኘ ሁላችንም ደስ አለን። አራተኛው ጉዞ ለ1997 ፋሲካ የሚሆን ጤፍና በርበሬ የሚያመጣው ነበር። ከሞያሌ ሲመለስ ሾፌሩና ረዳቱ ጋቢና ውስጥ፣ ከእነርሱ ጋር ሕፃን የያዘች አንዲት እናት ነበሩ። ዲዳ ጋልጋሉ መሃል ላይ የግራው የፊት ባሌስትራ መያዣ ከነሻንሲው ከንፈር ተቀደደ። አክሱ ወደ ኋላ ሸሽቶ መሪው ወደ ግራ ጎተተ። ሾፌራችን የቦረና ሰውና መንገዱን እንደ እጁ መዳፍ የሚያውቅ ስለነበር፣ ፍሬኑን ሳይረግጥ በማርሽ አቀዝቅዞ ድንጋዩ መሃል አቆመው። ፍሬን ቢይዝ ኖሮ ይገለበጥ ነበር።

ኮንቮዩ ቆሞ መጠበቅ አልቻለም። እናትየዋና ሕፃኑ በአንድ የከብት ጫኝ ሎሪ ተሳፍረው ሄዱ። ሾፌሩና ረዳቱ ሌሊቱን በዚያ ሜዳ እሳት ሳያነድዱ አደሩ። ሲነጋ አክሱን በሰንሰለት ከሻንሲው ጋር አስረው፣ ባሌስትራው በነበረበት ላይ ግንድ ሸጉጠው፣ በእግር እርምጃ ፍጥነት ማርሳቢት ገቡ።

መልእክቱ ደርሶን ከእኛ ሁለታችን ጋሼን ይዘን ማርሳቢት ወጣን። መኪናው ሥር ገብተን ስናይ የስብራቱ መስመር ከብየዳችን ጫፍ ተነሥቶ ከንፈሩን አልፎ ወደ ሻንሲው ጎን ወጥቷል። የተሰበረው ብረት ሁለት ቀለም ነበረው። ከብየዳው አጠገብ ያለው ጠቁሮ ዝጓል፤ የቀረው ገና አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ይህ ማለት ስንጥቁ የጀመረው ያን ዕለት አይደለም። ቀደም ባሉት ጉዞዎች ተጀምሮ፣ በቀለምና በጭቃ ተሸፍኖ ሲያድግ ቆይቷል። እኛ ትርፉን ስንቆጥር ከሥር ያየ አልነበረም።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። በኋላ ባትሪ መብራቱን አጥፍተው «ልጆቼ፣ ሻንሲ እንዲጎብጥና እንዲመለስ ተደርጎ ነው የተሠራው። እናንተ እንዳይጎብጥ ከለከላችሁት፤ ስለዚህ ተሰበረ» አሉን። ጥቂት ቆይተውም «ብየዳው ግን ጥሩ ነው» አሉ። ከስድብ ይልቅ ይህ አመመን።

የብየዳ ሙቀት ብረቱን በዙሪያው ይለውጠዋል። ከንፈሩ ደግሞ ሻንሲው ሲጎብጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚለጠጠው ቦታ ነው። ባሌስትራው ራሱ መጠንከሩ ሌላ ነገር ጨመረበት። ቀድሞ ቅጠሎቹ ይውጡት የነበረው ምት ሁሉ አሁን መያዣው ላይ ዐረፈ። አንዱን ቦታ ስናበረታ ድክመቱን ወደ ሌላ ቦታ እንዳዛወርነው ያኔ ገባን።

ጥገናውና ሽምግልናው

ማርሳቢት ላይ አንድ ፉንዲ ረድቶን ለመመለሻ ያህል ብቻ በብሎንና በብረት ሳንቃ አሰርነው። ፋሲካ ሊደርስ ሲል ጤፉ ናይሮቢ ገባ፤ መኪናው ግን ለሁለት ወር ቆመ። በዚህ ጊዜ የሠራነው በጋሼ ትእዛዝ ነው። በመጀመሪያ ስንጥቁ የሚያበቃበትን ጫፍ ፈልገን ትንሽ ቀዳዳ በሳንበት፤ እንዲህ ካልተደረገ ስንጥቅ በብየዳ ሥር መሄዱን ይቀጥላል። ስንጥቁን በመፍጫ እንደ ቦይ ከፍተን ሞላነው፤ ከዚያም ከሻንሲው ጋር እስኪተካከል ሞረድነው። ከጎኑ ደጋፊ ሳንቃ አደረግን። የሳንቃውን ጫፎች ቀጥ አድርገን አልቆረጥናቸውም፤ ኃይሉ አንድ ቦታ ላይ እንዳይከማች እንደ ዓሣ አፍ አሾልናቸው። መያዣውን ጋሼ ከመጀመሪያው እንዳሉት በሻንሲው ጎን በስተን ልክ በሚገጥሙ ጠንካራ ብሎኖች አሰርነው። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ የባሌስትራው ብሎኖች ሁሉ እንደገና እንዲጠብቁ ለሾፌሩ ተነገረው፤ አዲስ የታሰረ ባሌስትራ በመጀመሪያው ጉዞ መላላቱ አይቀርምና።

ከብረቱ ይልቅ የከበደው የሰው ጉዳይ ነበር። ዕቁብተኛው ገንዘቡ ሁለት ወር ታሰረ። «መካኒኮቹ ይክፈሉ» ያሉ ነበሩ፤ እውነታቸውን ነው። ከእኛም «መንገዱ ነው የሰበረው» ብለን ለማምለጥ የሞከርን አልጠፋንም። ጋሼ ሁሉንም እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰብስበው የተሰበረውን ብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና ጥቁሩንና ነጩን ክፍል አሳዩ። «ይህን ማን በየደው?» ሲሉ ተነሥተን አመንን። ቡና ተፈልቶ ቶና በረካ እስኪደርስ ክርክሩ አላለቀም። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። የጥገናውን ጉልበት እኛ በነጻ፣ ዕቃውን ሁሉም በመዋጮ እንዲሸፍን፤ ሾፌሩና ረዳቱ ላደሩበት ሌሊት ካሣ እንዲሰጣቸው፤ ከዚህ በኋላ ደግሞ በመኪናው ላይ የሚገጠም እያንዳንዱ ዕቃ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራውና ማን እንዳየው በመዝገብ እንዲጻፍ።

ያ መዝገብ ባለ ጠንካራ ሽፋን ተራ ደብተር ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የግራ ፊት ባሌስትራ የኋላ መያዣ» ተብሎ የሠራነው ሰዎች ፊርማ ይገኛል። ከጥቂት ገጾች በኋላ የመዋጮ ዝርዝር መጻፍ ተጀመረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኤልኒኞ ዝናብ መንገዱን ቆርጦ ሥራ ሲቆም፣ ሥራ ያጡትን ለመርዳት የተሰበሰበው ገንዘብ እዚያው ተመዘገበ። ቀጥሎ የታመሙ፣ የሞቱ፣ የተወለዱ ተጻፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኅበራችን ሕጋዊ ሆኖ ሲመዘገብ በሒሳብ ሹሙ እጅ የነበረው ብቸኛ ሰነድ ይህ ደብተር ነበር።

ዛሬ

የሰሜኑ መንገድ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በየክፍሉ ተሠርቶ በ2010ዎቹ አጋማሽ አልፎ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ሆነ። በ2020 ደግሞ የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የጋራ የድንበር መተላለፊያ ጣቢያውን መርቀው ከፈቱ። ቤድፎርዱን ሸጠነው። ገዥው ለድንጋይ ማመላለሻ ወሰደው፤ የእጃችን ሥራም አብሮት ሄደ። ከእኛ መካከል ዓይኑ የደከመ፣ ወገቡ የጎበጠ ይበዛል። ጋሼ ዐርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ልጆቻችን በኮምፒዩተር የተሣለ ቅርጽ ማሽን ሲቆርጠው አይተው ያሳዩናል። ደስ ይላል። የካርቶን ቁራጭ ይዘን ከምንጎነበስ ይህ ይሻላል። ያም ሆኖ ማሽኑ የት እንደሚበየድና የት እንደማይበየድ በራሱ አይወስንም። ሰው ቅዳሜ ማታ ሲቸኩል የሚሠራውንም አይከለክለውም። ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንተወው አደራ አጭር ነው። የሠራችሁትን ፈርሙበት፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ከሥር ግቡና እዩት፤ ስሕተት ብታገኙ ጠረጴዛ ላይ አውጡት።

መዝገቡ በማኅበሩ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ አለ። ለማየት የሚፈልግ አባል ጸሐፊውን ይጠይቅ። ከሽፋኑ ላይ ያለው ጥቁር የጣት አሻራ ግራሶ ስለሆነ አይለቅምና ለማጽዳት አትሞክሩ።

ለቀጣዩ ኢዮቤልዩ በሰላም ያድርሰን።